ካርድ ክፍል የወጣው ወረቀት

በክሊኒኩ ውስጥ «መርማሪዋ» ይሏታል፤ እሷ ባለችበት ግን ማንም አፉን ሞልቶ እንዲህ ብሎ አይጠራትም። ሥራዋ ኮምፒውተር መጠገን፣ ገመድ መዘርጋትና ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ማላቀቅ ነው። ስሙን ያወጣላት አመሏ ነው። አንድ ዕቃ ተበላሸ ተብሎ ስትጠራ፣ «ምን ሆነ?» ከማለቷ በፊት «ማን ነካው?» ትላለች።

አመሉን ያወረሷት አባቷ ናቸው። የጎማ መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። በሩን ከቆለፉ በኋላ ቁልፉን ሳብ ሳብ ያደርጉታል፤ ጥቂት ራቅ ብለው ይሄዱና ተመልሰው እንደገና ይስቡታል። በልጅነቷ ምሳ ልታደርስላቸው ስትሄድ ሳህኑን ከመቀበላቸው በፊት፣ «መንገድ ላይ ማን አናገረሽ?» ብለው ይጠይቋት ነበር። እሷም ካደገች በኋላ፣ ትዳር ከያዘችም በኋላ፣ እንዲሁ ሆነች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሳቂታ ሰው። ወተት ገዝቶ ሲገባ ከእጁ ትቀበልና መጀመሪያ ታሸተዋለች።

«በሚቀጥለው ላሟን ራሷን ይዣት ልምጣና ጠይቂያት» ይላታል።

እሷ አትስቅም። አሽትታ ስትጨርስ ነው የምትስቀው።

ክሊኒኩ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድር ቤት ሰፊ አዳራሽ አለ፤ ካርድ ክፍሉ፣ ገንዘብ ተቀባይዋና መድኃኒት ቤቱ ጎን ለጎን በመስኮት ተቀምጠው አንድ ትልቅ ፕሪንተር በጋራ ይጠቀማሉ። ፕሪንተሩ ያለው ካርድ ክፍሉ ውስጥ ነው። ፎቅ ላይ ላቦራቶሪውና የአልትራሳውንድ ክፍሉ በር ለበር ይተያያሉ፤ ለየራሳቸው ትንንሽ ፕሪንተር አላቸው። የመርማሪዋ ክፍል ከደረጃው ሥር ያለችው ናት፤ ማን እንደወጣ ማን እንደወረደ ከጫማው ኮቴ የምትለይባት።

ያን ሰሞን ክሊኒኩ አዲስ የታካሚ መመዝገቢያ ፕሮግራም ገዛ። በየኮምፒውተሩ እየዞሩ በእጅ መጫን ለስህተት ያጋልጣል ብላ ስክሪፕት ጻፈች። ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ናቸው፤ ይህን ፕሮግራም ጫን፣ ያንን ፋይል እዚህ አስቀምጥ፣ ይህን ፕሪንተር አገናኝ። የመጨረሻዋ ትእዛዝ የክፍሉን ነባሪ ፕሪንተር የምትወስን ነበረች። ነባሪ የሚባለው፣ ሰው ሌላ ካልመረጠ በስተቀር ወረቀት ሁሉ በራሱ ጊዜ የሚሄድበት ፕሪንተር ነው። የድሮው ፕሮግራም «በየትኛው ላትም?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አዲሱ ጥያቄ አያውቅም፤ አትም ሲሉት ወደ ነባሪው ይልከዋል፣ በቃ።

ክሊኒኩ ዝግ በሆነበት ቀን ብቻዋን ገባች። ሰው በአጠገቧ እያለ መሥራት አትወድም። በየኮምፒውተሩ በራሷ ስም እየገባች ስክሪፕቱን አስኬደች፤ «ተሳክቷል» የሚለው ቃል ሲመጣም አላመነችውም፤ በየክፍሉ አንድ አንድ ወረቀት አትማ አየች። የላቦራቶሪው በላቦራቶሪው ወጣ። የአልትራሳውንዱም በአልትራሳውንዱ። የአልትራሳውንዱ ሐኪም የይለፍ ቃሉን ሁልጊዜ ስለሚረሳ በእሷ ስም እንደተከፈተ ተወችለት። በክሊኒኩ ውስጥ የምታምነው ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም የኮምፒውተሩን ማብሪያ እንኳ ፈልጎ ስለማያገኝ ነው። ለቀሩት «ማንም ሰው ምንም እንዳይነካ» የሚል ወረቀት በየክፍሉ ለጥፋ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ታካሚ ገና ሳይበዛ፣ አንዲት ነርስ ድምጿን አጥፍታ ላቦራቶሪ ገባች። ዝምተኛ ሴት ናት፤ በሥራዋ የተከበረች። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ታላቅ ወንድሟ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋን፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸውን ትልቅ ሴት፣ «ለኔ ነው፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ» ብላ ናሙና ሰጠቻቸው። እትዬ መረመሩ፣ ውጤቱን ጻፉ፣ አትም የሚለውን ተጫኑ። ወረቀት አልመጣም። ጠበቁ። እንደገና ተጫኑ።

ምድር ቤት ትልቁ ፕሪንተር ጮኸ። ገንዘብ ተቀባይዋ የራሷ ደረሰኝ መስሏት ወረቀቱን አነሳች፤ አየችና ፊቷ በራ።

«እሰይ! እርጉዝ ናት!» አለች፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሲስተር! ደብቀሽን ነው? እንኳን ደስ ያለሽ!»

ነርሷ ከደረጃው ወገብ ላይ ነበረች። መድኃኒት ቤቱ አጨበጨበ። ከወረፋው አንዲት እናት «በሰላም ያገላግልሽ» አለች። ነርሷ ወረደች፣ ወረቀቱን ከገንዘብ ተቀባይዋ እጅ ወሰደች፣ አራት አጥፋ ኪሷ ከተተችና ተመልሳ ወጣች። ገንዘብ ተቀባይዋ እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

መርማሪዋ ጫጫታውን ሰምታ ከክፍሏ ስትወጣ ያየችው ሌላ ነገር ነው። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ዞር ዞር ብሎ አየና ከፕሪንተሩ ላይ አንድ ወረቀት አንስቶ በቶሎ ኮቱ ውስጥ ከተተ።

«ይህ ሰው ምንድን ነው የደበቀው?» አለች በልቧ።

እሱ ደግሞ ዓይኑን አንስቶ አያት። «የላቦራቶሪ ወረቀት እዚህ ምን ይሠራል?» አላት። አጠያየቁ አላማራትም። እሷም ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠች ወጣች።

«እትዬ፣ የነኩት ነገር አለ?»

«እኔ?» አሉ እትዬ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። «አትንኩ ያልሽው አንቺ፤ ያልነካሁት እኔ። አትም አልኩት፣ አላተመም። ይኼው ነው።»

መርማሪዋ የእትዬን ዘግታ በራሷ ስም ገባች። ነባሪው ፕሪንተር የላቦራቶሪው ነው። አንድ ወረቀት አተመች፤ እዚያው እፊቷ ወጣ። ስክሪፕቱን በድጋሚ አስኬደች፤ ተሳክቷል። ወንበሩ ላይ ተደገፈች። አሁን ልክ ከሆነ፣ ቅድምም ልክ ከነበረ፣ በመካከል አንድ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። ቀይሮ፣ ጉዱን አይቶ፣ መልሶ ያስተካከለ እጅ።

ነገሩ በዚያ ቢቆም ኖሮ ምናልባት ይረሳ ነበር። አልቆመም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የላቦራቶሪው ውጤት በካርድና በደረሰኝ መሐል እየተደባለቀ ካርድ ክፍል ይወርድ ጀመር። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ማንም እንዳያነበው በፊቱ ደፍቶ ራሱ ፎቅ ያደርሰዋል። መርማሪዋ ደግሞ በተጠራች ቁጥር በራሷ ስም ገብታ ታያለች፤ በተመለከተች ቁጥር ልክ ነው። አልትራሳውንዱ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ለምን ላቦራቶሪው ብቻ? የላቦራቶሪውን ቁልፍ ማን ይይዛል? ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ክፍሎቹን የሚከፍተው ማን ነው? የካርድ ክፍሉ ኃላፊ።

«ወረቀቱን ወደ ቦታው የሚመልሰው እሱ ከሆነ ምን አጠፋ?» አላት ባሏ እራት ላይ።

«ለምን ራሱ ይመልሳል? ለምን ሰው አይልክም? አንተ ተሳፋሪ የረሳውን ዣንጥላ በየቤቱ እየዞርክ ታደርሳለህ?»

«ባውቀው አደርስ ነበር።»

«አየህ፣ አንተን የሚያታልልህ ሰው አይደክምም» አለችና ሳህኑን አነሳችው፤ ገና በልቶ አልጨረሰም ነበር።

እሷ ያላወቀችው፣ የካርድ ክፍሉ ኃላፊም እሷን እየጠበቃት መሆኑን ነው። ነርሷ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ጠፍቶባታል። ይህን የሚያውቁት ባሏና ወንድሟ ብቻ ነበሩ። አሁን ሆዷ እስኪገፋ ድረስ ለማንም አልናገርም ያለችው ነገር በአዳራሽ ታወጀባት። ወንድሟ ለገንዘብ ተቀባይዋ አልፈረደባትም፤ እሷ ደስታዋ ነው የቀደማት። ግን ያ ወረቀት በገዛ እግሩ ከፎቅ አልወረደም። በር ዘግታ ኮምፒውተሮቹን ብቻዋን የሠራች፣ ሰው አይንካ ያለች፣ ክፍሏ ተቀምጣ የሰው ኮቴ የምትቆጥር አንዲት ሴት አለች። «በዚህ ቤት የሚታተመውን ሁሉ እሷ ማየት ፈልጋ ነው» አላት እህቱን። ነርሷ ትከሻዋን ሰበቀች።

ጥርጣሬው እንደ ጉንፋን ተዛመተ። መርማሪዋ ስትገባ መድኃኒት ቤቱ ስክሪኑን ያዞራል። ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ያች ሳቅ የማያልቅባት፣ ወረቀት ከማንሳቷ በፊት ግራ ቀኝ ማየት ጀመረች። ኮሪደር ላይ የነበረ ወሬ መርማሪዋ ስትደርስ ስለ አየር ጠባይ ይሆናል። እሷም ይህን ሁሉ እያየች፣ «የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው» ትላለች።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ አስጠራት።

«ማን ነው ትያለሽ?»

«ቁልፉ ያለው አንድ ሰው እጅ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ገባው። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። «እሱን በወሬ አልነካም። በዓይንሽ ካየሽው ያኔ ንገሪኝ።»

በማግስቱ ባሏ ሥራ ሲወጣ አብራው ወጣች። ዘበኛው በሩን ሲከፍትላት ቀድማ ገባች፤ አልትራሳውንድ ክፍሉን በራሷ ቁልፍ ከፈተችና መብራት ሳታበራ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ብዙም አልቆየም፤ ኮቴ መጣ። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ የላቦራቶሪውን በር ከፈተ፣ ኮሪደሩን ወደ ኋላ አየ፣ ገባ። የኮምፒውተሩ መነሻ ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ታገሰችና በሩን ገፍታ ገባች።

«ያዝኩዎት!» አለች። በንዴት መሐል እንኳ አንቱታውን አልተወችም።

ሰውየው አልደነገጠም። ወንበሩን ቀስ ብሎ አዞረ። «እኔም አንቺን ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት» አለ።

«ምን እየሠሩ ነው እዚህ?»

«ዛሬ ደግሞ ወረቀቱን ወዴት እንዳዘዝሽው እያየሁ። ነይ፣ እይው የሠራሽውን።»

ጠጋ ብላ አየች። የፕሪንተሮቹ ዝርዝር ተከፍቷል። የነባሪነት ምልክቱ ካርድ ክፍል ላይ ነው።

«ይኼው ቀየሩት!»

«እጄ ነክቶ አይተሻል? አሁን ነው የከፈትኩት። በየጠዋቱ አየዋለሁ፣ በየጠዋቱ እንዲህ ነው። እኛ ስንሄድ ትቀይሪዋለሽ፤ ስትጠየቂ ትመልሺውና ልክ ነው ትያለሽ።»

«ይነሱልኝ» አለችው። ተነሳ። የሱን ዘግታ በራሷ ስም ገባች። ምልክቱ ላቦራቶሪ ላይ ነው።

«አየሽ?» አለ ጣቱን እየቀሰረ። «ይኼው መለስሽው!»

«ምን ነካሁ? እፊትዎ አይደለም እንዴ የከፈትኩት?»

«እኔስ ምን ነካሁ? ዝርዝሩን ከፍቼ አየሁ እንጂ!»

መርማሪዋ ስክሪኑን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እስቲ እንደገና በእርስዎ ስም ይግቡ» አለችው።

«ለምን?»

«ይግቡ እስቲ።»

የይለፍ ቃሉን በአንድ እጁ ጋርዶ በአንድ እጁ መታ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስትመለስ ምልክቱ ካርድ ክፍል ላይ ነበር። ማንም ምንም አልነካም።

የእትዬ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ምነው?» አለ ሰውየው።

«ማንም አልቀየረውም ጋሼ። ከመጀመሪያውም አልተቀየረም።» አለች። «ስክሪፕቱን ያስኬድኩት በራሴ ስም ገብቼ ነው። ነባሪ ፕሪንተር ደግሞ የኮምፒውተሩ አይደለም፤ የሰውየው ነው፣ የገባው ሰው። እኔ ‹ይህ ይሁን› ስለው ‹ለሷ ይሁን› ብሎ ነው የሰማኝ። ለእትዬም ለእርስዎም የድሮው፣ የካርድ ክፍሉ፣ እንዳለ ነው ያለው፤ ፊት ፕሮግራሙ እየጠየቀ ስለሚያትም አላወቅነውም። እኔ ደግሞ ለማየት በመጣሁ ቁጥር በራሴ ስም እየገባሁ የራሴን አያለሁ።»

«አልትራሳውንዱስ?»

«እዚያ የተከፈተው በኔ ስም ነው።»

ሰውየው እጁን አጣምሮ አሰበ። ገና አላመናትም፤ ከፊቱ ያስታውቃል። «ይህን ከመጀመሪያውም አታውቂም ነበር?»

«ባውቅ ኖሮ በጠዋት ጨለማ ክፍል ተደብቄ እርስዎን ልይዝ እመጣለሁ?»

ይህቺ መልስ ከማብራሪያው ሁሉ በላይ ገባችው። ጢሙ ሥር ፈገግ አለ። «እሱስ ልክ ነሽ።»

እሷን ግን አንድ ነገር አላስተኛትም ነበር። «የዚያን ቀን ኮትዎ ውስጥ የከተቱት ወረቀትስ?»

«እትዬ ሁለት ጊዜ ተጭነው የለ? ሁለተኛው ነዋ። ሌላ ሰው ደግሞ እንዳያነብባት አንስቼ ቤቴ ወስጄ አቃጠልኩት። ምን መስሎሽ ነበር?»

እትዬ ሲገቡ ሁለቱን አንድ ላይ አይተው በሩ ላይ ቆሙ። «ታረቃችሁ ወይስ ልትጣሉ ነው? ለየትኛው ነው ክፍሌን የፈለጋችሁት?» አሉ። በስማቸው እንዲገቡ ለመኗቸው፤ ገቡ፤ ካርድ ክፍል። ከዚያ ወዲያ የሚጠረጠር ሰው አልቀረም።

መርማሪዋ ያን ቀን ስክሪፕቱን እንደገና ጻፈችው። ፕሪንተር የምትወስነዋን ትእዛዝ ከመጫኛው አወጣቻትና አንድ ሰው በስሙ በገባ ቁጥር በሱ ስም እንድትፈጸም አደረገቻት። ኮምፒውተሩ በመጨረሻ የታተመበትን ፕሪንተር በራሱ ጊዜ ነባሪ እንዳያደርግም ዘጋችበት። ከዚያ እያንዳንዱን ሠራተኛ በየስሙ አስገብታ፣ በየስሙ አንድ ወረቀት አሳተመች። የአልትራሳውንዱን ሐኪም ሳይቀር። የይለፍ ቃሉን ረስቶ ስለነበር ግማሽ ቀን ፈጀባት።

ሥራ አስኪያጁን ማሳመን ከዚህ የባሰ ነበር።

«ሰውየው አስፈራራሽ?» አላት።

«ኧረ የለም። ስህተቱ የኔ ነው።»

«እንዲያው ድንገት ታረቃችሁና ጥፋቱ የማሽን ሆነ?»

«የማሽንም አይደለም፤ የኔ ነው እኮ የምልዎት።»

ፎቅ ይዛው ወጥታ፣ በራሱ ስም አስገብታ፣ ድሮ እንዴት እንደነበረ አሁን እንዴት እንደሆነ አሳየችው። ራሱን እየነቀነቀ ወረደ። ሲሄድ ግን እሷንና የካርድ ክፍሉን ኃላፊ በየተራ አያቸው፤ የሆነ ነገር የተደበቀበት ሰው አስተያየት። ኮሪደር ላይም «ዘመዳሞች ናቸው መሰለኝ» ተባለ።

ነርሷን ለማናገር ብዙ ቀን አመነታች። በመጨረሻ መርፌ ክፍል አገኘቻት፤ ጥጥ እየቆረጠች ዕቃ ትሞላ ነበር።

«ሲስተር፣ ወረቀቱ የወረደው በኔ ስህተት ነው። ወንድምሽንም ያለ ጥፋቱ ጠርጥሬዋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ነርሷ ጥጡን መቁረጥ አላቆመችም። «ነግሮኛል» አለች። «ከዚህ በፊት ሲጠፋብኝ እዚህ ማንም አላወቀም ነበር። አለቀስኩ፣ ሥራ ገባሁ፣ አለፈ። አሁን ሰው ሁሉ ሆዴን እያየ ነው ሰላም የሚለኝ። ደግሞ ቢጠፋስ? ወረፋ ለያዘው ሰው ሁሉ ወርጄ ልናገር ነው?»

መርማሪዋ ብዙ ነገር ልትጠግን ትችላለች፤ ይህን ግን የምትይዝበት ቦታ አላገኘችም። ነርሷ የጥጡን ጥቅል ዘረጋችላት፤ «በዚህ በኩል ያዢልኝ፣ ይንሸራተታል።» ያዘችላት። ጥቅሉ እስኪያልቅ አንዷ እየያዘች አንዷ ቆረጠች።

ከዚያ በኋላም ወዳጅ አልሆኑም። ነርሷ የራሷን ውጤት ሁሉ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ በእጇ ትቀበል ነበር፤ ማንም አልቀየማትም። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ አልፎ አልፎ ከደረጃው ሥር ብቅ ይልና፣ «ዛሬ ማንን ጠረጠርሽ?» ይላል። እሷም፣ «እርስዎን፤ ሌላ ማን አለ?» ትለዋለች።

ወራቱ እንደምንም አለፉ፤ ፅንሱም አልጠፋም። ሴት ልጅ ተወለደች። የክሊኒኩ ሰዎች ተሰባስበው ሊጠይቁ ሲሄዱ መርማሪዋ መጨረሻ ላይ ገብታ በሩ አጠገብ፣ ከነርሷ አልጋ ግርጌ ተቀመጠች፤ ስለ ሄደችም እንደመጸጸት ብሏት ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ እያወራች፣ እትዬ ለሕፃኗ ካልሲ እያለበሱ ክፍሉ ጠቦ ነበር። ነርሷ ውኃ ፈለገች። ልጅቷን ታቅፋ ዙሪያዋን አየችና በጣም ቅርብ ለነበረችው ሰው፣ «እስቲ ያዢልኝ» ብላ ሰጠቻት።

መርማሪዋ ክንዷን አደነደነችና እስትንፋሷን ውጣ ተቀበለቻት። ነርሷ ውኃውን ጠጥታ ከጨረሰችም በኋላ ልጅቷን መልሺ አላለቻትም፤ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ወሬ ያዘች።